በእኔ ድምፅ የሚያወራሽ ሰው

ይድረስ አሰላ፣ እንደ እናት ላሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ለእትዬ አሰፋሽ፤

እንደምን ሰነበትሽ እትዬ? ጤናሽ እንዴት ይዞሻል? ብርድ በመጣ ቁጥር የሚነሣብሽ ጉልበትሽ ዘንድሮ ትንሽ ፋታ ሰጠሽ ወይስ ከበልጉ ዝናብ ጋር ጀመረሽ? የኤልዳና ቶንሲል ተሻላት? ትልቋ ልጅሽ ሄራንስ እንዴት ናት? አጎታችን ጋሽ አምባዬስ፣ አሁንም ሬዲዮናቸውን እስከ ጫፍ ከፍተው ሰፈሩን ሁሉ በግድ ዜና ያሰማሉ? ላሟ፣ የጓሮው ጎመን፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ነው? የፋሲካን እንኳን አደረሰሽ ሳልልሽ ቀረሁ፤ አንቺ ግን ያልኩሽ ይመስልሻል። ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን አካሌ ደህና ነው። ሥራዬም ያው ነው፤ ኤርፖርቱ አጠገብ መኪናቸውን የሚያቆሙትን ተሳፋሪዎች በሚኒባስ አመላልሳለሁ። እዚህ አትላንታ፣ ቻምብሊ ያለው ቤቴም ያው ነው፤ ከጅማው ልጅ ከሱልጣን ጋር እንደተዳበልን ነን። ልቤ ግን ደህና አይደለም፤ ይህን ሁሉ ወረቀት የያዝኩትም ለዚያ ነው።

መቼም «ይሄ ልጅ ምን ነካው፣ ስልክ እያለ ወረቀት» ሳትዪ አትቀሪም። ስልኩን ነው የፈራሁት። ዋናውን ከፊት ልንገርሽ፤ ዝርዝሩ ይከተላል። ከዐቢይ ጾም አጋማሽ ወዲህ በድምፅ መልእክት ሲያወራሽ የከረመው ሰው እኔ አይደለሁም። ሄራንን ከልደታ ማግስት ላኪያት ያለሽ እኔ አይደለሁም። አውቶቡስ ተራ ወርዳ የሚቀበላትን ሰው አላውቀውም። በሞያሌ አሻግሮ ናይሮቢ የአሜሪካ ቪዛ የሚያስመታላት ወዳጅ የለኝም፣ ኖሮኝም አያውቅም።

አሁን ተናደሽ ወረቀቱን እንዳታጣጥፊው። ነገሩ እንዴት እንደጀመረ ልንገርሽ፤ ጅማሬው የሚያስቅ ነው።

በጾሙ መጀመሪያ አካባቢ ስልኬ ከሚኒባሱ ስወርድ ከኪሴ አምልጦ አስፋልቱ ላይ ተከሰከሰ። ስክሪኑ ተሰነጣጥቆ ጣቴን ይቆርጠኝ ጀመር። ሱልጣን አዲስ ግዛና ተገላገል አለኝ። ታውቂኛለሽ፣ ለሚሠራ ነገር ምትክ መግዛት አይሆንልኝም። እዚሁ ቻምብሊ ውስጥ፣ ሽሮና በርበሬ በሚሸጥበት ሱቅ ጀርባ፣ ግሩም የሚባል የአገራችን ሰው አንዲት ጠረጴዛና አንድ መብራት ይዞ ሞባይል ይጠግን ነበር። እዚህ ያለን ሰዎች ስልካችን ሲበላሽ ፈረንጅ ጋ መውሰድ የአገር ልጅን እንደመናቅ ይቆጠርብናል። ስለዚህ ወሰድኩለት። ስክሪኑ መጋዘን ካለ ሰው እስኪመጣ ስልኩ እሱ ዘንድ ይደር አለ፤ እሺ አልኩ። መሥራቱን እንድሞክረው ፓስወርዱን ንገረኝ አለ። እኔ ገና አፌን ስከፍት «ልደትህ ነው አይደል?» ብሎ ሳቀ።

እንዴት አወቀ አትበዪ። ከስደተኛ ካምፕ የመጣን ሰዎች ሁላችንም የተወለድነው በአንድ ቀን ነው። ወረቀታችንን የሞሉት ሰዎች የልደት ቀናችንን አናውቅም ስንላቸው ሁላችንንም ጃንዋሪ አንድ ብለው መዘገቡን። ዓመቱ ብቻ ይለያያል። በየቤተክርስቲያኑ ደጃፍ ብትጠይቂ የግማሹ ሰው ፓስወርድ ይኸው ነው፤ እንዳይረሳ ተብሎ። እኔም ስቄ ዓመቱን ነገርኩት። ከነስልኬ ሙሉ ሕይወቴን ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

በማግስቱ ስክሪኑ እንደ አዲስ ሆኖ ተመለሰልኝ። ደስታዬን ብታዪው! ለሱልጣን እያሳየሁ «አዲስ ግዛ ስትለኝ አልነበር?» እያልኩ አሰለቸሁት። ቆይቶ ስልኩ ሳልነካው ይግል ጀመር። ጠዋት ሙሉ የነበረ ባትሪ ሁለት ዙር ሳልመላለስ ያልቃል። አፕዴት አድርገኝ እያለ ይለምነኛል፣ እኔ ደግሞ ተሳፋሪ ይጠብቀኛል፤ «በኋላ» የሚለውን እየተጫንኩ አልፈዋለሁ። ከላይ ጥግ ላይ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ብልጭ እያለች ትጠፋለች። ሱልጣን ያቺ ነጥብ ማይክራፎኑ ሲሠራ ነው የምትበራው አለኝ። ታዲያ ማን እያወራ ነው ብዬ ቀለድኩበት።

ከዚያ ስልኩ ሞተ ልበልሽ። ራሱ ይበራል፣ ግን ደውል ብትዪው አይደውልም፣ መልእክት የምንላላክበትም ቁጥርህ ሌላ ስልክ ላይ ተከፍቷል ብሎ አስወጣኝ። ወደ ስልክ ኩባንያው ሱቅ ሄድኩ። አንድ ትሑት ወጣት ኮምፒውተሩን አይቶ፣ ቁጥርህ በራስህ ጥያቄ ወደ ሌላ ሲም ተዛውሯል አለኝ። እኔ አልጠየቅሁም አልኩት። ደዋዩ ስምህንም የልደት ቀንህንም በትክክል ተናግሯል አለኝ። ቁጥሩን ለማስመለስ ማመልከቻ ገብቶ ይጣራል፣ ጊዜ ይወስዳል፤ እስከዚያ አዲስ ስልክ በአዲስ ቁጥር ውሰድ አለ። ወሰድኩ። የአሮጌውን ዕቃ በሙሉ ወደ አዲሱ ላዛውርልህ ሲለኝ እንዴታ አልኩ፣ ያንቺ ፎቶዎች፣ የኤልዳና የክርስትና ቪዲዮ ሁሉ አለበት። ያን ቀን ሌባውን ከነጓዙ ወደ አዲሱ ቤት አስገባሁት። ይህን የተረዳሁት ግን ዛሬ ነው፤ ትናንት በጻፍኩት መሃል ያስገባሁት ነው።

በአዲሱ ቁጥር መጀመሪያ የደወልኩት ላንቺ ነው። ታስታውሻለሽ አይደል? ገና «እትዬ፣ እኔ ነኝ፣ መርዕድ» ስል አንቺ የስድብ መዓት አወረድሽብኝ። እንዲህ ዓይነት ስድብ የምታውቂ አይመስለኝም ነበር፤ ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። ወንድሜ አስቀድሞ ነግሮኛል አልሽ። ስልኬ ተሰርቋል፣ በሌላ ቁጥር እኔን መስሎ የሚደውል ሰው አለ፣ ድምፄንም ያስመስላል፣ ምንም ቢልሽ እንዳትሰሚው ብሎኛል አልሽ። ከዚያ ንዴትሽ ገንፍሎ ሁሉንም ዘረገፍሽልኝ፤ የሄራን ፓስፖርት መውጣቱን፣ ከልደታ ማግስት መሄዷን፣ የሞያሌውን መንገድ፣ የሚቀበላትን ሰውዬ። «ልታስቀሩብኝ ነው አይደል? ምቀኞች!» ብለሽ ዘጋሽው። እኔ ስልኩን እንደያዝኩ ሚኒባሱ ውስጥ ቀረሁ። ተሳፋሪዎቹ ከኋላ መስኮት እያንኳኩ ነበር።

ደግሜ ስደውል በልጅነታችን የእማዬን ሳፋ ሰብረን በረቱ ውስጥ የቀበርነውን አነሣሁልሽ፤ ይህን ከእኔና ካንቺ ሌላ ማን ያውቃል ብዬ። «እሱንም ነግሮኛል» አልሽኝ። ለካ ነግሬሻለሁ። ከአገር ከወጣሁ ጀምሮ ስንላላክ የኖርነው የድምፅ መልእክት በሙሉ እዚያ ስልክ ውስጥ ነበር። የሳፋው፣ የአባባ ቀብር፣ አንቺ ሄራንን ስታምጪ እኔ አዋላጇን ልጠራ በጭቃ የሮጥኩት፣ ሁሉም አለ። ሰውዬው ቁጭ ብሎ ሰምቶታል። ሳቃችንንም ልቅሷችንንም ሰምቶታል።

ርብቃ፣ አጥር የሚለያችሁ ጎረቤትሽ፣ አንቺ ለጥንቃቄ ያስተላለፍሽላትን ያንን የማስጠንቀቂያ መልእክት ለእኔ ላከችልኝ፣ የቱ ነህ እውነተኛው ብላ። ከሱልጣን ጋር ኩሽና ቆመን ከፈትነው። እትዬ፣ ራሴን ሰማሁት። ከመናገሬ በፊት ጉሮሮዬን የምጠርገው አለ። ነገር ስጨርስ «እሺ በቃ» የምለው አለ። መሃል ላይ ትንሽ ሳቀ፤ ሳቁ የእኔ ነው። ቃላቱን ግን አንዱንም አልተናገርኩትም። ሱልጣን «ወላሂ፣ ይሄ አንተ ነህ» አለኝ፣ ፊት ለፊቱ ቆሜ እያየኝ። ዞር ብሎም እንደ እንግዳ ሰው ቃኘኝ። ያን ጊዜ በእውነት ፈራሁ።

ርብቃን ለምኜ ወደ አንቺ ላክኋት፣ ሄራን እንዳትሄድ ንገሪልኝ ብዬ። ሄዳ ጠየቀችሽ። አንቺ ምን አልሻት? «የምን መሄድ፣ ሄራን የትም አትሄድም፣ ኮሌጅ ልትመዘገብ ነው» አልሻት። ርብቃም ደስ ብሏት ደወለችልኝ፣ ሥጋት አይግባህ፣ ወሬ ነው ብላ። እትዬ፣ አልፈርድብሽም። እኛ እንዲህ ነን፤ ጉዞ ያለው ሰው አውሮፕላን እስኪሳፈር አፉን ይዘጋል፣ ዓይን እንዳይገባበት። እኔም ስወጣ ከአንቺ በቀር ለማን ተናገርኩ? ሰውዬው ይህን ያውቃል። ለማንም አትንገሪ ያለሽ ዓይን ፈርቶ አይመስለኝም፤ የሚያስቆምሽ ሰው እንዳይኖር ነው።

ሞያሌንስ የመረጠው ለምን ይመስልሻል? ወንድምሽ በዚያ ስለሄደ ነዋ! የማታውቂውን መንገድ ቢልሽ ትጠረጥሪ ነበር። እኔ ግን ያንን መንገድ በእግሬ ነው የማውቀው። ከእኔ ጋር በነበሩት ሴቶች ላይ የደረሰውን ለአንቺ በድምፅም በጽሑፍም ነግሬሽ አላውቅም፤ አሁንም እጄ አይጽፈውም። ያንን ያየ ሰው የእህቱን ልጅ በዚያ ነይ ይላታል? ይህን ብቻ አስቢው።

አንድ የሚያናድደኝን ነገር ደግሞ ልንገርሽ። ሰውዬው ከእኔ የተሻለ ወንድም ሆኖልሽ ነው የከረመው። እኔ እሑድ እሑድ፣ ያውም ሲመቸኝ፣ ነበር የምደውለው። እሱ ጠዋትና ማታ ስለ ጉልበትሽ ይጠይቅሻል አሉ። የፋሲካ ዕለት ዶሮው እንዴት ወጣልሽ ብሎሻል። ቅናት ይሁን ኀፍረት አላውቅም፣ ደረቴን ያቃጥለኛል። እየወደደሽ አይደለም እትዬ። እያለማመደሽ ነው።

ግሩም ጋ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ጠረጴዛውም መብራቱም የለም። የሱቋ ባለቤት ለቆ ሄደ፣ የት እንደሆነ አላውቅም አለችኝ፤ ቦታው ላይ የዘይት ካርቶን ተደርድሯል። እሱ ነው ብዬ ልምልልሽ አልችልም። ምናልባት እሱም የሰው ሎሌ ነው፣ ምናልባትም ምንም የማያውቅ ምስኪን ነው። ፖሊስ ጋም ሄድኩ፤ ቃሌን ተቀብለው ወረቀት ሰጡኝ፣ ሰውዬው የት አገር ተቀምጦ እንደሚያወራሽ ግን እነሱም አያውቁም። እኔ ራሴ ተነሥቼ እንዳልመጣ የጉዞ ሰነዴ ለእድሳት ገብቶ አልወጣም። ስለዚህ ወይዘሮ ማራኪ የምትባል የቤተክርስቲያናችን ሴት ለወንድሟ ተዝካር ቅዳሜ ወደ አገር እንደምትበር ስሰማ፣ ደብዳቤ አድርሺልኝ ብዬ ቴክስት አደረግሁላት። እሺ አለች። ይህን ሁሉ በተስፋ የጻፍኩልሽ ለዚያ ነው።

እስከዚህ ያለው የትናንት ጽሑፍ ነው። ዛሬ ደግሞ ሌላ ነገር ተፈጠረ።

ዛሬ ኖርክሮስ በሚባል ቦታ ሱልጣን የሚሠራበት መጋዘን ድረስ ሄጄ፣ በምሳ ሰዓቱ በእሱ ስልክ ደወልኩልሽ። የማታውቂው ቁጥር ስለሆነ አነሣሽው። ድምፄን እንደሰማሽ ግን አልጮኽሽም። ረጋ ብለሽ፣ «ደብዳቤም በሴትዮ እጅ ልትልክ ነው አሉ። ላክ። ሳልከፍተው እሳት ውስጥ ነው የምከተው» አልሽኝ። ከዚያ ዘጋሽው።

ስለ ደብዳቤው ለወይዘሮ ማራኪ ቴክስት ከማድረግ በቀር ለማንም አልተናገርኩም። ለሱልጣን እንኳ ገና አልነገርኩትም ነበር። ከአሮጌው ወደ አዲሱ ካዛወርኩት ዕቃ ጋር እሱም አብሮ መጥቷል፤ የምጽፈውን እኔ ሳልልከው ያነበዋል ማለት ነው። ስልኩን ወዲያው አጠፋሁት። ሱልጣን ከማጥፋትም አልፎ በርበሬ በነበረበት ቆርቆሮ ውስጥ ከቶ ክዳኑን ገጠመበት። ሥራዬን አስፈቅጄ ወይዘሮ ማራኪ ቤት በአካል ሄድኩ። ለማንም በስልክ እንዳትናገር፣ ደብዳቤውንም ላንቺ እንዳትሰጥ ነገርኳት። ከአዲስ አበባ የወንድሟ ልጅ አሰላ ይዞት መጥቶ በጋሽ አምባዬ እጅ ያስቀምጠዋል። በሰፈራችን ስልክ ይዘው የማያውቁ፣ ሰውዬው ሊደርስባቸው የማይችል ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ለዚህ ነው ጋሽ አምባዬ በሩን አንኳኩተው ካላነበብኩልሽ አልሄድም የሚሉሽ። ድምፃቸው ከፍ ቢል ይቅርታ አድርጊላቸው፤ ጆሯቸው ስለማይሰማ ነው። ሰፈሩም አብሮ ቢሰማ ግድ የለኝም። እንዲያውም ይስማ።

ሰውዬው አንድም የማያውቀው ነገር ባገኝ ብዬ ስንት ጊዜ እንዳሰብኩ ልነግርሽ አልችልም። አንድ በስልክ ያላወራነው፣ በፎቶ ያልላክነው፣ የእኔና ያንቺ ብቻ የሆነ ነገር ፈለግሁ። አጣሁ። ስንለያይ ወጣት ነበርን፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ የተነጋገርነው በዚያው ስልክ ነው። ጽሕፈቴንም ብትዪ፣ በየጊዜው ፎቶ እያነሣሁ የላክሁልሽ አለ፤ ነገ እሱንም ያስመስለዋል። እኔ እኔ መሆኔን የማሳይበት ነገር አልቀረልኝም። ይህን ስጽፍ አለቀስኩ፤ ልደብቅሽ አልፈልግም።

ስለዚህ እመኚኝ ብዬ አልለምንሽም። አትመኚኝ። ግን እሱንም አትመኚው። ከሁለታችን አንደኛችን ሌባ ነን፣ የቱ እንደሆነ ደግሞ አንቺ በምንም ልታውቂ አትችዪም። እንዲህ አድርገሽ አስቢው፤ አንደኛው ልጅሽን ላኪያት ይላል፣ አንደኛው አስቀሪያት ይላል። አስቀሪያት የሚለው ሌባ ከሆነ ሄራን ቤቷ አለች፣ አንቺም እኔን ረግመሽ ለሌላ ጊዜ ትልኪያታለሽ። ላኪያት የሚለው ሌባ ከሆነ ግን እትዬ፣ ረግመሽም ፈልገሽም አታገኚያትም። ወንድምሽ እንዳልሆንኩ እስከ ዕድሜሽ መጨረሻ እመኚ። ልጅቷን ብቻ አስቀሪልኝ።

ጋሽ አምባዬን እግራቸውን ስሜያለሁ፤ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ይውሰዱ። ርብቃን እስከነ ልጆቿ ሰላም በይልኝ፤ አልተቀየምኳትም። ኤልዳናን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፤ የድሮ አሻንጉሊቷ ባትሪ ካለቀ፣ አጎቷ አዲስ ሊልክላት መሆኑን አልረሳም። ለእናቶች ማኅበር፣ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። አንቺን እግዚአብሔር ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ።

የሄራንን ሰላምታ መጨረሻ ላይ ያደረግሁት አውቄ ነው። ጋሽ አምባዬ እዚህ ሲደርሱ ቆም ብለው ይጥሯት። ከጓዳም ሆነ ከደጅ «አቤት» ካለች፣ አጎትሽ በጣም ይወድሻል በሉልኝ። ካላለች ደብዳቤውን እዚያው ተዪውና ሩጪ።

ወንድምሽ መርዕድ
ቻምብሊ፣ አትላንታ
ሚያዝያ 22 ቀን 2018 ዓ.ም.